የእማዬ ብቅል ለምን ይሞቃል? (የባዮሎጂ ሰዎች ወዲህ በሉ)

ቡሬ_ነኝ፣ ታኅሣሥ 14፣ ማታ 2:20

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ የሞኝ የሚመስል ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

ለገና ጠላ ሊጠመቅ ነው። እማዬ ገብሱን ነክራ፣ አጠንፍፋ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭናበት ጓዳ አስቀምጣዋለች። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። «እስቲ እየው፣ ጎንቁሏል?» አለችኝ። ኮባውን ገለጥ አድርጌ እጄን ሰደድኩ። ሞቀኝ!

ጓዳው እኮ ብርድ ነው። የታኅሣሥን ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አጠገቡ እሳት የለም። ፀሐይ አያገኘውም። የተነከረበት ውሃ ቀዝቃዛ ነበር። ገብሱ ግን እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይሞቃል። እማዬን ጠየቅኳት። «ሕይወት ስላለው ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ።

12ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። «ማይቶኮንድሪያ የሴል የኃይል ማመንጫ ነው» የሚለውን በእንቅልፌም እላለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼዋለሁ። ግን ያ ዓረፍተ ነገርና ይሄ የሞቀ ገብስ የት እንደሚገናኙ አልገባኝም። ኃይል ካመነጨ ለምን ሙቀት ሆኖ ይወጣል? ለገብስ ሙቀት ምን ያደርግለታል?

የጋራዥ_ሰው፣ ታኅሣሥ 14፣ ማታ 2:51

ከባሕር ዳር ሰላም ብያለሁ። ቀላል ነው ወንድሜ። ስታርቹ ነዳጅ ነው። አየር አለ። ይነዳል። ሞተርም ሲሠራ ይሞቃል። ገብስህ ሞተሩ ተነሥቷል ማለት ነው። አለቀ። ቀጣይ ጥያቄ!

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 14፣ ማታ 3:40

የጋራዡ ልጅ ግማሹን መትቶታል፤ ግማሹን ስቶታል። (ይቅርታ፣ 31 ዓመት ጠመኔ ይዤ ስለኖርኩ ማረም አመሌ ነው።)

መጀመሪያ የመታውን ልስጠው። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ ከላፕላስ ጋር ሆኖ በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ጊኒ ፒግ፣ ማለት ጥንቸል መሰል ትንሽ እንስሳ፣ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። የቀለጠውን በረዶ ለኩ። የምታወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለኩ። ከሰል ነዶ ያንኑ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰጥ ከሚያቀልጠው በረዶ ጋር አስተያዩት። ተቀራረበ። መተንፈስ እጅግ ዝግ ያለ መንደድ ነው ወደሚል ሐሳብ ደረሱ። ስለዚህ «ይነዳል» ማለት ነውር የለውም።

የሳተው ይኸውና። ሞተር የሚሠራው በሙቀቱ ነው። ቤንዚኑ ሲነድ ትኩስ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙ ተለጥጦ ፒስተኑን ይገፋል። ሙቀት ሥራ የሚሠራው ደግሞ ከሞቀ ቦታ ወደ ቀዘቀዘ ቦታ ሲሄድ ነው። ሴል ውስጥ ይሄ ልዩነት የለም። ከዳር እስከ ዳር ሙቀቱ አንድ ነው። ስለዚህ ሴል በሙቀት ሥራ መሥራት አይችልም። ሙቀቱ ከእጁ ያመለጠው ነው እንጂ የያዘው አይደለም።

ታዲያ በምን ይሠራል? የውሃ ወፍጮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በልጅነቴ ከእኛ ቤት በታች ወንዙ ዳር ነበረ። ውሃው ከላይ በቦይ ተጠልፎ ይመጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ መዘውሩን ይመታል፣ ድንጋዩ ይዞራል፣ ዱቄት ይወጣል። ውሃው አልተቃጠለም። ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ በቃ። ሴል እንደዚያ ነው። የሚወርደው ኤሌክትሮን ነው። ጋራው ስኳር፣ ሸለቆው ኦክስጅን ነው።

ዛሬ ዓይኔ ደክሟል። ነገ እቀጥላለሁ።

ቡሬ_ነኝ፣ ታኅሣሥ 14፣ ማታ 3:55

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጠብቅዎታለሁ። በነገራችን ላይ ዛሬ ኮባውን ሦስት ጊዜ ገልጬ እማዬ «ብርድ አስገባህበት» ብላ ተቆጥታኛለች።

ቅርጫ_ሞጣ፣ ታኅሣሥ 15፣ ጧት 3:10

እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። አሁን የነቢያት ጾም ስለሆነ ሥራ ቀዝቅዟል፤ ስለዚህ ስልኬ ላይ ተጥጄ ነው የምውለው። ጥያቄ አለኝ። በሬ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ብልቱ ወጥቶ እንኳ ሥጋው ይርገበገባል። ሳህን ላይ ሆኖ ሲነዝር ያየ ሰው አለ። እንዲህ የሚርገበገብ ሥጋ ደግሞ ይወደዳል። ከሰዓታት በኋላ ግን ይገትራል፣ እንደ እንጨት ይሆናል። በሬው ሞቷል፣ ደም የለም፣ ትንፋሽ የለም። የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ኋላስ ለምን ይደርቃል? ይሄም ከገብሱ ጋር ይገናኛል?

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 15፣ ከሰዓት 9:30

ቅርጫ፣ ይገናኛል እንጂ! ግን ወረፋ ጠብቅ። መጀመሪያ ገብሱን።

ደረቅ ገብስ ተኝቷል። ፅንሱ ስንቁን ታቅፎ ተኝቷል። ስንቁ ስታርች ነው። ውሃ ሲያገኝ ይነቃል፣ ኢንዛይም ይለቃል፤ ኢንዛይሙ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆራርጠዋል። ብቅል ስታኝኩት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ምራቃችን ውስጥም ስታርች የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ። ዳቦ ሳትውጡ ቆይታችሁ አኝኩ፣ ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ግሉኮስ የሚባለው ትንሹ ስኳር ለሁለት ይሰበራል። ይሄ ከማይቶኮንድሪያ ውጪ ነው። ኦክስጅን አይፈልግም። ትርፉ 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ኤቲፒን ለጊዜው «ሴሉ የሚከፍልበት ገንዘብ» በሉት።

ስባሪዎቹ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ሃንስ ክሬብስ በ1937 ያገኘው ዑደት አለ። ስም በስም በቃሌ አጥንቼው ነበር። ተማሪዎቼንም በቃላቸው አስጠንቻለሁ። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል፤ ስሙን ይዘው ነገሩን ያጡ ስንቶቹ ናቸው። ነገሩ ይህ ነው፦ ካርቦኑ እየተቆረጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን ይቀራሉ፣ ተሸካሚዎች ይቀበሏቸዋል።

ከዚህ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ማይቶኮንድሪያ ሁለት ሽፋን አለው። ውስጠኛው ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች ኤሌክትሮኑን እየተቀባበሉ ያወርዱታል። ሲወርድ በሚገኘው ጉልበት ፕሮቶን፣ ማለት ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋሉ። መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮኑን ኦክስጅን ይቀበለዋል፤ ውሃ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የምንተነፍሰው በዋነኛነት ለዚህች ሥራ ነው። ኦክስጅን ታች ቆሞ ይቀበላል። እሱ ከጠፋ ወረፋው እስከ ላይ ይቆማል።

ፕሮቶኑስ? ከሽፋኑ ማዶ ተጠራቅሟል። መመለስ ይፈልጋል፤ ሽፋኑ አያሳልፈውም። ያለው በር መዘውር ነው። ፕሮቶኑ በዚያ ሲያልፍ መዘውሩ ይዞራል። ሲዞር ኤዲፒ ከሚባለው ላይ አንድ ፎስፌት ይለጠፍና ኤቲፒ ይወጣል። ዱቄቱ እሱ ነው።

ይሄን በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ነው። ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። እነሱ የሚፈልጉት በመሀል የተደበቀ አንድ ኬሚካል ነበር። እሱ ግን የለም፣ ነገሩ የሽፋኑ ወዲህና ወዲያ ልዩነት ነው ባይ ነው። ጤናው ሲታወክ ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ገጠር ገባ፤ አንድ ያረጀ ትልቅ ቤት አድሶ ላቦራቶሪ አደረገው። በ1978 ኖቤል ተሸለመ። መዘውሩ እንዴት እንደሚሠራ ያብራሩት ፖል ቦየርና ጆን ዎከር ደግሞ በ1997 ተሸለሙ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን ናቸው።)

የጋራዥ_ሰው፣ ታኅሣሥ 15፣ ማታ 1:05

መምህር እጅ ሰጥቻለሁ። ይሄማ ሞተር ሳይሆን ግድብ ነው! ውሃ ታጠራቅማለህ፣ በተርባይን ታሳልፋለህ። ጢስ አባይን ስሻገር ነው ያደግኩት፣ ይሄ ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በደቂቃ ስንት ይዞራል?

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 15፣ ማታ 1:20

ከባክቴሪያ ተወስዶ ሲለካ በሰከንድ ከ100 ዙር በላይ ሊሄድ ችሏል። በአንድ ዙር 3 ኤቲፒ ይወጣል። ሌላ ልጨምርልህ። በሽፋኑ ወዲህና ወዲያ ያለው ቮልቴጅ 0.15 ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ሽፋኑ ግን ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ስታካፍለው በአንድ ሜትር 30 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል።

የጋራዥ_ሰው፣ ታኅሣሥ 15፣ ማታ 1:24

በደቂቃ ከ6,000 በላይ ማለት ነው! ደንበኛዬ መኪናውን እዚያ ቢያደርሰው «ሞተርህን ገደልከው» ብዬ እጮህበታለሁ። እኔ ሆዴ ውስጥ ይሄ ሁሉ እየዞረ ነው የምተኛው?

ዳሞቴዋ፣ ታኅሣሥ 15፣ ማታ 2:00

ሆድህ ብቻ? ከእግር ጥፍርህ ሥር እስከ አንጎልህ። ነርስ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም። መምህር ከፈቀዱልኝ ኤቲፒን እኔ ልንገራቸው፤ ተማሪ ሳለሁ የገባኝ በዚህ መንገድ ነው።

ባለ 200 ብር ኖት ይዘህ ባጃጅ ተሳፈር። ስትወርድ ትሰጠዋለህ። ሹፌሩ ይቆጣል። «ዝርዝር የለህም?» ይልሃል። ግሉኮስ ባለ 200 ኖት ነው። ኤቲፒ ዝርዝር ነው። ጡንቻ ለመሳብ፣ ነርቭ መልእክት ለማሳለፍ፣ ፕሮቲን ለመገንባት ሁሉም የሚቀበለው ዝርዝር ብቻ ነው። አንድ ግሉኮስ እስከ መጨረሻ ሲዘረዘር 30 ገደማ ኤቲፒ ይሆናል።

የሚገርመው ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ያለው ዝርዝር ጥቂት ነው። መላ ሰውነት ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ኤቲፒ ከ100 ግራም ብዙም አይበልጥም። በቀን የምንጠቀመው ግን የራሳችንን ክብደት ያህል ይሆናል! እንዴት? ያው ዝርዝር ይዞራል። ኤቲፒ ሲከፈል ኤዲፒ ይሆናል፤ ኤዲፒው መዘውሩ ጋ ተመልሶ ኤቲፒ ይሆናል። በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ።

ቡሬ_ነኝ፣ ታኅሣሥ 15፣ ማታ 2:18

እህቴ ገባኝ! ግን እኔ የተማርኩት 38 ነው። 38 ብዬ ነው ማርክ ያገኘሁት።

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 15፣ ማታ 2:31

እኔም 38 ብዬ አስተምሬያለሁ፤ አይዞህ፣ ማርክህን አንነጥቅህም። የድሮው ስሌት ምንም ነገር አይባክንም ብሎ ነው የሚነሣው። ግን ፕሮቶን በሽፋኑ ሾልኮ ያመልጣል። ኤቲፒውን ከማይቶኮንድሪያ ለማውጣትም ክፍያ አለ። አሁን የሚባለው ከ30 እስከ 32 ነው።

የመጀመሪያ ጥያቄህም መልሱ እዚሁ አለ። ከግሉኮሱ ጉልበት ኤቲፒ ላይ የሚያዘው፣ እንደ አሠላሉ፣ ከሲሶ እስከ ግማሽ ገደማ ነው። ሌላው ወዲያው ሙቀት ነው። የተያዘውም ቢሆን ኤቲፒው ሥራ ሲሠራ አብዛኛው መጨረሻው ሙቀት ነው። ሥር ሲያበቅል፣ ኢንዛይም ሲሠራ፣ ሁሉም ያፈስሳል። አንድ ፍሬ ገብስ ሙቀቱን ወዲያው ለአየሩ ይሰጣል፤ አይታወቅህም። እናትህ ግን በሺህ የሚቆጠሩትን ጠቅልላ አስተኝታቸዋለች። ሙቀቱ መውጫ አጣ።

ሰውም ያው ነው። በቀን 2,000 ኪሎካሎሪ የሚበላ ሰው ስታሰላው 97 ዋት ገደማ ይመጣል። የድሮው ባለ 100 አምፖል ማለት ነው። ሰርግ ቤት ዳስ ውስጥ ብርድ የማይሰማህ ለምን ይመስልሃል? 200 ሰው ሲቀመጥ ወደ 20 ኪሎዋት ነው። ጠላውን ሳትቆጥር።

ለገብስ ሙቀት ምን ያደርግለታል ብለሃል። ብዙም አይፈልገው። ሲበዛበት እንዲያውም ይገድለዋል።

ቡሬ_ነኝ፣ ታኅሣሥ 15፣ ማታ 2:40

ለዚህ ነው እንግዲህ እማዬ ነገ ፀሐይ ላይ እበትነዋለሁ ያለችው። «ካልተበተነ ይሻግታል» ብላለች።

ዳሞቴዋ፣ ታኅሣሥ 16፣ ጧት 1:30

የሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው ያደርኩት፤ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አንድ ነገር ልበል። ቡሬ «እንደታመመ ሕፃን ግንባር» ያለው አእምሮዬ ውስጥ ቀረ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። ያለው ቡናማ ስብ ነው፤ በትከሻ አጥንቶቹ መሀል፣ አንገቱ አካባቢ። ያ ስብ በማይቶኮንድሪያ የተሞላ ነው። መምህር ያሉት መዘውር ያለበት በር አለ አይደል? ቡናማ ስብ ውስጥ ሌላ በር አለ፣ መዘውር የሌለው። ፕሮቶኑ በዚያ ዝም ብሎ ይገባል። ኤቲፒ አይሠራም። ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ያመልጣል የተባለው ሙቀት እዚህ ታስቦበት ነው የሚለቀቀው።

ስቡ ግን ያልቃል። ለዚህ ነው ሕፃኑ እንደተወለደ አድርቁት፣ ራሱን ሸፍኑት፣ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ አድርጉት፣ ቢያንስ 24 ሰዓት አትጠቡት የምንለው። ደጋ ላይ ያሉ እናቶች ይሄን ስነግራቸው «ሳይታጠብ?» ብለው ያዩኛል።

የጋራዥ_ሰው፣ ታኅሣሥ 16፣ ጧት 4:00

ቆይ፣ ያንን ያለ መዘውር በር ለኔ ከፍተው ቢሰጡኝ ቦርጬ አይጠፋም?

ዳሞቴዋ፣ ታኅሣሥ 16፣ ማታ 12:45

ተሞክሯል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዲኒትሮፌኖል የሚባል ነገር ለመክሻ ተሸጠ። ፕሮቶኑን በሽፋኑ አሹልኮ ያስገባል። ሰዎቹ ከስተዋል፣ እውነት ነው። የተወሰኑት ግን ሙቀታቸው አልቆም ብሎ ሞቱ። ማርከሻ የለውም። በ1938 ለሰው አይሆንም ተባለ። አሁንም በኢንተርኔት የሚሸጡ አሉ፤ ካያችሁት አትንኩት። ቦርጭህን ይዘህ ኑር።

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 16፣ ማታ 1:15

ቅርጫ ተረስቶ አልቀረም።

በሬው ሲታረድ ሴሎቹ አብረው አይሞቱም። ጡንቻው ውስጥ የቀረ ኤቲፒ አለ፤ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅም አለ። ኦክስጅን ባይመጣም ያቺ ያለ ኦክስጅን የምትሠራው የ2 ኤቲፒ መንገድ ትቀጥላለች። ለዚህ ይርገበገባል። ስንቁ ሲያልቅ ኤቲፒ ያልቃል። አሁን የሚገርመው ይመጣል። ጡንቻ ኤቲፒ የሚያስፈልገው ለመሳብ ብቻ ይመስለናል። ለመልቀቅም ያስፈልገዋል። ሁለቱ የጡንቻ ክሮች ተያይዘው የሚላቀቁት ኤቲፒ ሲመጣ ነው። ካልመጣ እንደተያያዙ ይቀራሉ። የሰውም ሬሳ የሚገትረው በዚሁ ነው።

ቅርጫ_ሞጣ፣ ታኅሣሥ 16፣ ማታ 1:33

እግዚኦ! እንግዲያው አንድ የማውቀውን ልጨምር። ሩቅ ተነድቶ የደከመ፣ የደነገጠ በሬ በመጣበት ቀን ከታረደ ሥጋው ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። አባቴ «አሳድረው፣ ውሃ ስጠው» ይለኝ ነበር።

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 16፣ ማታ 1:41

አባትህ ልክ ነበሩ። በሬው ስንቁን መንገድ ላይ ጨርሶታል። ያቺ የ2 ኤቲፒ መንገድ መጨረሻ ላይ ላክቲክ አሲድ ትጥላለች፤ የዚህ በሬ ሥጋ ግን ከታረደ በኋላ እሱን የሚሠራበት ስኳር የለውም። አሲድ ካልሆነ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ሯጭ_ዳንግላ፣ ታኅሣሥ 17፣ ጧት 12:50

ላክቲክ አሲድ ስትሉ ገባሁ። አሰልጣኛችን ከልምምድ ማግስት ጭናችን ሲያመን «ላክቲክ ተጠራቅሞ ነው» ይለናል። እውነት ነው?

ዳሞቴዋ፣ ታኅሣሥ 17፣ ቀን 7:20

አሰልጣኝህን አክብረው፣ ግን አይደለም። ላክቴት፣ ማለት ያው ላክቲክ የምትሉት፣ ሩጫ ስታቆም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደምህ ይጠራል። የማግስቱ ሕመም በጡንቻ ክሮች ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ላክቴት ቆሻሻም አይደለም። ልብህ ይበላዋል። ጉበትህ ደግሞ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል፤ ካርልና ጌርቲ ኮሪ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው ይሄን መንገድ ያገኙት፣ በ1947 ኖቤል ተሸልመዋል።

ሯጭ_ዳንግላ፣ ታኅሣሥ 17፣ ማታ 1:10

አመሰግናለሁ እህቴ። ሌላ ጥያቄ። አንድ ጊዜ ጮቄ ላይ ወጥተን ሮጠን ነበር። ሳንባዬ ሊወጣ ነበር። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ግን እንደ ወፍ እሆናለሁ። ጮቄ ላይ ኦክስጅን የለም ማለት ነው?

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 17፣ ማታ 1:50

አለ። ጮቄም ላይ አባይ በረሃም ውስጥ አየሩ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ኦክስጅኑን ወደ ደምህ የሚገፋው እሱ ነው። ታች ቆሞ የሚቀበለው ሲያንስ መዘውሩ ይዘገያል፤ ጡንቻህ ወደ 2 ኤቲፒዋ መንገድ ይሮጣል።

ስለ እኛ ደገኞች አንድ ነገር ልንገርህ። ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ሄሞግሎቢን፣ ማለት ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ይበዛዋል። በ2002 (በአውሮፓውያን) የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮችን አየ። ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ ደማቸው የሚይዘው የኦክስጅን መጠን ከባሕር ወለል ሰው ብዙ አልተለየም። ተመራማሪዎቹን ያስደነቀው ይሄ ነበር።

ዳሞቴዋ፣ ታኅሣሥ 17፣ ማታ 2:05

ኦክስጅን ከተነሣ አይቀር፣ ብርዱ ከብዷል፤ ከሰል ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። ሽታ የለውም። ቤቱ አየር ሞልቶት ሴሎቻችሁ ይታፈናሉ።

ጾመኛዋ፣ ታኅሣሥ 18፣ ጧት 3:00

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ስትጫወቱ ሲያነብልኝ ሰማሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለፋሲካ አከፍላለሁ። ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህልም ውሃም የለም። ስግደቱ አለ። ያ ዝርዝር ያላችሁት ገንዘብ ከየት ይመጣልኛል?

ዳሞቴዋ፣ ታኅሣሥ 18፣ ቀን 8:10

እናቴ፣ ይማሩልኝ! ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጡት።

ጉበትዎ ወደ 100 ግራም ግላይኮጅን ያስቀምጣል። ጡንቻዎ ደግሞ 400 ግራም ገደማ፣ ግን ጡንቻ ስስታም ነው፤ ለራሱ ብቻ ይጠቀምበታል። የጉበቱ በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ከዚያ ትልቁ ጎተራ ይከፈታል፣ ስቡ። አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። ቀጭን ሰው እንኳ በስቡ ለሳምንታት የሚሆን ጉልበት ይዟል።

አስቸጋሪው አንጎል ነው። ክብደቱ ከሰውነት 2 በመቶ ነው፤ የሚበላው ግን 20 በመቶ። ስብ ደግሞ እንዳለ አይበላም። ጉበት ስቡን ኪቶን ወደሚባል ነገር ለውጦ ይልክለታል። የጾመኛ ትንፋሽ ትንሽ የሚለወጠው ከኪቶኑ አንዱ በትንፋሽ ስለሚወጣ ነው። ቀይ የደም ሴል ግን ኪቶንም አይበላ። ማይቶኮንድሪያ የለውማ! ኦክስጅን ተሸክሞ ለሁሉ ያድላል፣ እሱ ራሱ አይጠቀምበትም። ለእሱ ጉበት ግሉኮስ እየሠራ ይልካል፤ ከላክቴት፣ ከስቡ ቅሪት፣ ከፕሮቲንም።

ስኳር በሽታ ኖሮብዎት መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ግን ሳያከፍሉ በፊት ሐኪምዎንና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እሱ ሌላ ነገር ነው።

ጾመኛዋ፣ ታኅሣሥ 18፣ ማታ 12:20

ስኳር የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለዚያች ለቀይዋ ደም አዘንኩላት። ለሁሉ አድላ እሷ ሳትቀምስ።

ሞፈር_ቢቸና፣ ታኅሣሥ 19፣ ማታ 1:00

እኔ አራሽ ነኝ። በሬዬ ጭድ በልቶ ከጧት እስከ ቀትር ያርሳል። እኔ ጭድ ብበላ አልነሣም። ምን አለው በሬ?

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 19፣ ማታ 1:45

እንግዶች አሉት። ጭድም ውስጥ ያለው ስኳር ነው፤ ግን ሴሉሎስ ሆኖ ተቆልፏል። ቁልፉ በሬውም ዘንድ የለም፣ አንተም ዘንድ የለም። የበሬው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚከፍቱት። እዚያ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻ ሊያወርዱት አይችሉም። ከመንገድ ይጥሉታል፣ የኮምጣጤ አሲድና ወንድሞቹን አድርገው። በሬው ያንን የተጣለ አሲድ በደሙ ይስብና በራሱ ማይቶኮንድሪያ፣ በራሱ ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከጉልበቱ እስከ 70 በመቶ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሲያገሳ የሚወጣው ሜቴን ደግሞ የእንግዶቹ ድርሻ ነው።

ጠላም ያው ነው። እርሾ ኦክስጅን ሲያጣ 2 ኤቲፒዋን ይዞ አልኮሉን ይጥላል። በአንድ ግራም አልኮል ውስጥ 7 ኪሎካሎሪ አለ። እርሾ ያልጨረሰውን ነው ጽዋ አንሥተን የምንመራረቅበት።

ቡሬ፣ የት ጠፋህ? አንድ ሥራ ልስጥህ። ሁለት ፔርሙዝ ፈልግ። አንዱ ውስጥ የጎነቆለ ገብስ፣ ሌላው ውስጥ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ገብስ ክተት። ቴርሞሜትር አስገባ። አፋቸውን በጥጥ ወትፍ፣ አየር ይግባ። ጧትና ማታ ጻፍ።

ቡሬ_ነኝ፣ ታኅሣሥ 25፣ ማታ 2:30

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ኔትወርክም አልነበረም፣ ሥራውንም እየሠራሁ ነበር።

መጀመሪያ የትኩሳት መለኪያ ተውሼ ከተትኩ። አልሠራም። ለካ ከ30ዎቹ በታች አያነብም። ከአንድ መምህር የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ለመንኩ፤ ሁለት ሰጡኝ። አንዱን ፔርሙዝ ከጎረቤት፣ አንዱን ከእማዬ ደብቄ።

ሁለቱም በ17 ዲግሪ ጀመሩ። የጎነቆለው በማግስቱ ማታ 22 ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ጧት 28። የተቀቀለው 17 ላይ ተቀመጠ፣ አልተነቃነቀም። ጮህኩ፣ እማዬ ደንግጣ መጣች።

በአራተኛው ቀን ግን ነገሩ ተበላሸ። የተቀቀለው 19 ሆነ። በአምስተኛው ቀን 21። የሞተ ገብስ እኮ ነው! ቴርሞሜትሩ ተሳስቶ ነው ብዬ ሁለቱን አቀያየርኳቸው። ያው ነው። መምህር፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጡረተኛው_መምህር፣ ታኅሣሥ 25፣ ማታ 2:44

ክፈተውና አሽትተው።

ቡሬ_ነኝ፣ ታኅሣሥ 25፣ ማታ 2:58

ኧረ መምህር! ሻግቷል። ነጭ ጠጉር አብቅሏል። ለእማዬ ሳሳያት «ታዲያ ይሄም ሕይወት አለው» አለችኝ።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። ፔርሙዙ የእሷ መሆኑን አይታለች። የገና ቡና የሚቀዳበት እሱ ነው። በአመድም በሎሚም አጥቤዋለሁ፣ ሽታው አልለቅ አለ። መላ ያለው ሰው ካለ ቶሎ ይጻፍልኝ፣ አራት ቀን ነው የቀረው።